ባለቀለም ጽሑፍና የመመሪያ ትርጉም፦ በአንድ ለዋጭ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ሂስ

ፔርል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አምስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ የቋንቋው ፈጣሪ ላሪ ዎል ለመመሪያ መጻፊያ የሚያገለግል ፖድ የተሰኘ ቀላል የምልክት ሥርዓት አብሮ አቀረበ። በዚህ ሥርዓት የተጻፈ መመሪያ በልዩ ልዩ ለዋጮች አማካይነት ልዩ ልዩ መልክ ይይዛል። ከለዋጮቹ አንዱ፣ ረስ ኦልበሪ ያዘጋጀውና ከፔርል ጋር አብሮ የሚታደለው ፖድ-ቴክስት-ከለር ሲሆን፣ ተግባሩም መመሪያው በተርሚናል ላይ በቀለም ተለይቶ እንዲነበብ ማድረግ ነው። የምህንድስና ብቃቱን ለባለሙያዎቹ ትተን፣ እኛ እዚህ የምንመረምረው ምልክትን ከትርጉም ጋር ያገናኘበትን መንገድ ነው። ጉዳዩ መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልሰውን ሰው በቀጥታ ይነካዋልና።

በፖድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምልክቶች ተቀላቅለዋል። “ኤፍ” የፋይልን ስም፣ “ሲ” የፕሮግራምን ኮድ ያመለክታሉ፤ ይኸውም የቃሉን ምንነት ይናገራሉ። “ቢ” እና “አይ” ግን የሚናገሩት ስለ ቃሉ መልክ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደሉ ወፍራም፣ ሁለተኛው ዘመም ያለ እንዲሆን ያዛሉ። ለዋጩ ለ“ቢ” ወፍራም ቅርጽ፣ ለ“ኤፍ” ሳያን፣ ለ“አይ” ቢጫ ቀለም ይሰጣል። የቀድሞዎቹ ተርሚናሎች ዘመም ያለ ፊደል ማሳየት የማይችሉ ስለነበሩ፣ መዝመምን በቀለም መተካቱ አስተዋይነት ነው። የቀለም ትእዛዞቹ በመስመር ርዝመት ውስጥ እንዳይቆጠሩ የመስመር መስበሪያው ክፍል እንደገና መጻፉም የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው።

ዋናው ጉድለት የሚታየው ይህን ለዋጭ ቀለም ከማያውቀው ወንድሙ፣ ከፖድ-ቴክስት ጋር ስናስተያየው ነው። ፖድ-ቴክስት በ“አይ” የታሰረውን ቃል በሁለት ኮከቦች መካከል ያስቀምጠዋል። ባለቀለሙ ለዋጭ ኮከቦቹን አንሥቶ ቢጫን ተካ። እንግዲህ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ቢታተም፣ ተጠቃሚው ቀለም እንዳይወጣ ቢያዝ፣ ወይም ማየት ለተሳነው አንባቢ በድምፅ ቢነበብ፣ በቃሉ ላይ አንዳች ምልክት አይቀርም። ባለጸጋ ይሆናል የተባለው ጽሑፍ ከተራው ይልቅ ደኸየ ማለት ነው። ኮድ ግን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ስለ ተተወ ከዚህ አደጋ ድኗል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በመመሪያ ውስጥ ዘመም ያለ ቃል ብዙውን ጊዜ “በዚህ ቦታ የራስህን ተካ” ማለት ነውና፣ ምልክቱ የጠፋበት አንባቢ ቃሉን እንዳለ ይጽፈዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የስያሜ ነው። ኤክማ-48 የተባለው መስፈርት ቀለሞችን ከ30 እስከ 37 በቁጥር ይሰይማል፤ 33 ቢጫ ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ የአይቢኤም የቀለም ማሳያዎች ይኸው ቢጫ ቡኒ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ “በቢጫ የተጻፈው” ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢው የማያየውን ሊነግረው ይችላል። ሳያን ደግሞ በአማርኛ የጸና ስም የለውም፤ “ውሃ ሰማያዊ” ቢባል ከፈዛዛው ሰማያዊ ጋር ይምታታል። ከሁሉም የሚያሳስበን “ደማቅ” የሚለው ቃል ነው። ወፍራም ፊደልን “ደማቅ” ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ስለ ቀለም ስንናገር “ደማቅ” ብሩህ ማለት ነው። መስፈርቱ ራሱ በቁጥር 1 ወፍራምነትንና የብርሃን ብርታትን አጣምሯቸዋል፤ እኛም በቃላችን ብናጣምራቸው ስሕተቱን እናጸናዋለን። በበኩላችን ለፊደሉ “ወፍራም”፣ ለቀለሙ “ደማቅ” ተብሎ ቢለይ እንመርጣለን።

ሦስተኛው ችግር ከፊደላችን ጠባይ የሚመነጭ ነው። በእንግሊዝኛ መስተአምሩ ራሱን ችሎ ስለሚቆም፣ ቀለሙ የሚያርፈው በስሙ ላይ ብቻ ነው። በአማርኛ “ፋይል” የሚለው ተተኪ ቃል “ፋይሉን ክፈት” ሲባል፣ “ን” ከቀለሙ ውጭ ሊቀር ይችላል፤ “ሉ” ግን የስሙን መድረሻ ተነባቢና የእመርታውን አናባቢ በአንድ ሆሄ ስለ ያዘ ሊከፈል አይችልም። “ከአቃፊ” የሚለውም “ካቃፊ” ተብሎ ቢጻፍ የተተኪው ቃል የመጀመሪያ ሆሄ በመስተዋድዱ ይዋጣል። እንዲህ ያለውን ወሰን ማንም ለዋጭ ሊያገኘው አይችልም፤ ሊያበጀው የሚገባ ተርጓሚው ነው።

በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲያከብር፣ የምዕራፉንም መነሻ ሲያመለክት ኖሯል። ጸሐፊው ሁሉን በጥቁር ቢገለብጠው ግን ስሙ ስም ሆኖ ይነበባል፤ ቀዩ ክብር ጨመረ እንጂ ትርጉሙን ብቻውን አልተሸከመም። ለተርሚናልም ጽሑፍ የምንመኘው ይኸው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናሳስባለን፦

ሀ) ቀለም የሚለየው ቃል ሁሉ ያለ ቀለምም የሚለይበት ምልክት ይኑረው።

ለ) ተተኪ ቃል ቅጥያ ሳይነካው ይቀመጥ፤ “ፋይሉን ክፈት” በማለት ፈንታ “ፋይል የተባለውን ክፈት” ይባል።

ሐ) በመመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቀለም በስሙ አይጠቀስ፤ የሚጠቀሰው ቀለሙ የሚያመለክተው ነገር ይሁን።

መ) መስተዋድድ ከተተኪ ቃል ጋር ሲጻፍ አናባቢው አይዋጥ፤ “ከአቃፊ” እንዳለ ይጻፍ።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ፕሮግራሙን መለወጥ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ተርጓሚው ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት አንድ ጊዜ ቀለሙን አጥፍቶ እንዲያነብበው ብቻ ነው።