ፊቱን የሸፈነ ሃያሲ

ማእድ ለሃያሲ ተብሎ ልዩ ሆኖ የተሠናዳ እንደሆነ፣ ፍርዱ የሃያሲውን ክብር እንጂ የቤቱን መስተንግዶ አይመዝንም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሩት ራይክል እ.ኤ.አ. በ1993 የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ የምግብ ቤቶች ሃያሲ ሆና ስትሾም ከዚህ ችግር ጋር ገና ከመነሻው ተገናኘች። ሥራዋን ሳትጀምር ፎቶግራፏ በከተማይቱ ማድቤቶች ተሰቅሎ ነበርና ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍታ፣ የሌላ ሴት ልብስና ስም ይዛ ትመገብ ጀመር።

የዚያ ዘመን ትረካዋ እ.ኤ.አ. በ2005 በመጽሐፍ ወጥቷል። ከሁሉ ልቆ የሚታወሰው «ለ ሲርክ» የተባለው ዝነኛ ምግብ ቤት ጉዳይ ነው። ራይክል ጡረታ የወጣች መምህርት መስላ በገባች ጊዜ በማይረባ ሥፍራ ተቀመጠች፤ የወይን ጠጁንም ዝርዝር ከእጇ ወሰዱባት። ማንነቷ ታውቆ በተመለሰች ጊዜ ግን የእስፓኝ ንጉሥ እየጠበቁ ሳለ ጠረጴዛዋ ዝግጁ መሆኑ ተነገራት። ሁለቱን መስተንግዶዎች ጎን ለጎን ጽፋ ከቤቱ አራት ኮከቦች አንዱን ቀነሰች።

ዘዴው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ከላስታዋ ከተማ ጋር ስም የሚጋሩት ላሊበሎች፣ በሌላ አጠራር ሐሚናዎች፣ ጎህ ሳይቀድ ተከናንበው ከሰው ደጃፍ ይቆማሉ። የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀዋል፤ እርሱ ግን እነርሱን አያውቃቸውም። በዜማቸው የሰጠውን ይመርቃሉ፤ የነፈገውን ይሸነቁጣሉ። ባለቤቱ ለመሰናዳት ፋታ ስለሌለው የሚሰጠው በቤቱ ያለውን ነው።

ልዩነታቸው ከሒሳቡ ላይ ነው። የራይክልን ሒሳብ ጋዜጣው ይከፍል ነበር፤ ላሊበላው ግን ከሚፈርድበት እጅ ስለሚጎርስ ምርቃቱ በከፊል የተገዛ ነው። ይሁን እንጂ የራይክልም ነፃነት ምሉዕ አይደለም። በአንዷ ሴት መልክ ደግ፣ በሌላዋ መልክ ነገረኛ እንደሆነች ራሷ ትናገራለች። እንግዲያውስ ፍርዱ የማንኛዋ ነው? መጽሐፉ ጥያቄውን ያነሣል እንጂ እስከ መጨረሻው አይከተለውም። ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው።

በላሊበላ ከተማ ለልደት በዓል በእግሩ ተጉዞ የመጣውን ምእመን እግር ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። አጣቢው የእንግዳውን ማዕረግ አይጠይቅም፤ አቧራ የለበሰ እግር መሆኑ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው አስተናጋጅ ፊቱን የሸፈነ ሃያሲ ቢመጣበት የሚያፍርበት ነገር የለውም።

ነገሩ ከምግብ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ለመሥሪያ ቤትም ሆነ ለትምህርት ቤት ጎብኚ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሲነገር ግቢው ይጠረጋል፤ ግድግዳው ይቀባል፤ ጎብኚውም ቀለሙን አድንቆ ይመለሳል። ያቺ መምህርት የተቀመጠችበትን ሥፍራ ግን አላየም። ስለ ሕዝብ ኑሮ የሚጽፍም ሆነ የሚወስን ሁሉ፣ ስሙን ሳይናገር አንድ ጊዜ ከዚያ ሥፍራ ይቀመጥ።