የሚያስከፋ ዘገባና የመምህሩ አማና፦ ቀደምት ኪታቦችን ስለ መቁረጥና ስለ ማብራራት

የጦበሪን የታሪክ ኪታብ የሚያስቀራ መምህር ከነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጆች ወሬ ሲደርስ ፊት የሚያስቋጥር ዘገባ ያገኛል። ሓም በአባቱ እርግማን ዘሩ እንደ ጠቆረና ለወንድሞቹ ዘር ባሪያ እንዲሆን እንደ ተፈረደበት ይናገራል። ይህን የሚሰሙት ደረሶች ሐበሾች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ከሌሎቹ ይልቅ ጠቆር በማለቱ ብቻ በገዛ አገሩ «ባሪያ» ተብሎ የተሰደበ ሊኖር ይችላል። መምህሩ ገጹን ይዝለለውን? ተርጓሚው ከአማርኛው ያውጣውን? ወይስ እንዳለ ተነቦ ይታለፍ? ሦስቱንም አንቀበልም።

ቆርጦ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ኢብኑ ሂሻም የኢብኑ ኢስሐቅን ሲራ ሲያሳጥሩ፣ ለመናገር የሚያሳፍረውንና አንዳንድ ሰዎችን የሚያስከፋውን እንደ ተዉት በመግቢያቸው ላይ በግልጽ አስታውቀዋል። ይህ ታማኝነት ሊመሰገን ይገባዋል፤ አሳጥሮ የሚያሳትም ሁሉ እንዲህ ቢናገር ኖሮ ቅሬታችን በቀለለ ነበር። ሆኖም የተቆረጠው አልጠፋም። ኢብኑ ኢስሐቅ ያስተላለፉት የገራኒቅ ወሬ በኢብኑ ሂሻም ሲራ ውስጥ የለም፤ በጦበሪ በኩል ግን ደርሷል። አልፍሬድ ጊዮም በ1955 እ.ኤ.አ. ሲራውን በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ከዚያው ወስዶ መልሶ አስገባው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣታችን እንግዲህ ወሬውን ከመምህሩ አፍ ሳይሆን ከዚያ ይሰማዋል፤ ቃዲ ዒያድ በ«አሽ-ሺፋ» ሰነዱንም ትርጉሙንም መርምረው የሰጡትን መልስ ግን አብሮ አያገኝም። ዝም ያለው መምህር ደረሳውን ባዶ እጁን ሰድዶታል።

ጦበሪ (ሞቱ 310 ዓ.ሒ.) ሌላ መንገድ መርጠዋል። በኪታባቸው ውስጥ አንባቢ የሚጸየፈው ወሬ ቢገኝ ከእርሳቸው ሳይሆን ከአስተላላፊዎቹ የመጣ መሆኑን፣ እርሳቸውም የደረሳቸውን እንደ ደረሳቸው ማስተላለፋቸውን በመግቢያቸው ገልጸዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘገባ ራስ ላይ ያለው የስሞች ሰንሰለት ጌጥ አይደለም፤ መመዘኛ ነው። ሰነዱን «ለአንባቢ ይከብዳል» ብሎ የሚጥል ተርጓሚ ጦበሪ ያኖሩትን ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጥላል። የሓም ወሬ በአማርኛ ያለ ሰነድ ሲቀርብ አንድ ራዊ የተናገረው መሆኑ ይቀርና የታላቁ ኢማም ፍርድ ይመስላል። ከመቁረጥ የማይተናነስ በደል ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ዘገባ ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ከባዶ አይነሳም። ኢብኑል ጀውዚ (ሞቱ 597 ዓ.ሒ.) ስለ ጥቁሮችና ስለ ሐበሾች ደረጃ በጻፉት «ተንዊሩል ገበሽ» የእርግማኑ ወሬ እንዳልጸና ተናግረዋል። ኢብኑል ቀዪም በ«አል-መናሩል ሙኒፍ» ሐበሾችንና ጥቁሮችን የሚያወግዙ ሐዲሶችን ሁሉ ከውሸት ቆጥረዋል። ኢብኑ ኸልዱንም በ«ሙቀዲማ» የቆዳ ቀለም ከአየር ጠባይ እንጂ ከእርግማን እንዳልመጣ ተከራክረዋል። እዚህ ላይ ግን መምህራን ጠንቀቅ እንዲሉ እንሻለን፤ እኚሁ ኢብኑ ኸልዱን በዚያው ኪታብ በደቡብ የሚኖሩትን ጥቁር ሕዝቦች ከእንስሳ የሚያቀራርብ ቃል ጽፈዋልና። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን መደበቅም ያው መቁረጥ ነው።

የሚያስከፋ ቃል ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ በሰደበ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነግረውታል። ቡኻሪ የተሰዳቢውን ስም አልጠቀሱም፤ በሌሎች ዘገባዎች ግን ሰውየው ቢላል፣ ስድቡም ስለ እናቱ ጥቁርነት መሆኑ ተነግሯል። ስድቡን ከዚህ ታሪክ ያወጣ ሰው ተግሣጹን ትርጉም አልባ ያደርገዋል። እዚህ የሚያስከፋው ቃል የተነገረው ሊወገዝ ነው፤ በሓም ወሬ ግን ውግዘቱ በጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ ከውጭ ሊመጣለት ይገባል።

ከውጭ የሚመጣውን እንዴት ማኖር እንደሚገባ ኒስባቸው ወደ ዘይለዕ የሚያደርሰው ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (ሞቱ 762 ዓ.ሒ.) በ«ነስቡር ራያ» አሳይተዋል። የመርጊናኒን «ሂዳያ» አልቆረጡም፤ ሐዲሶቹን እየተከተሉ ምንጫቸውንና ደረጃቸውን መረመሩ፤ ያላገኙትንም ምልክት አደረጉበት። የዒራቂ ተኽሪጅም በብዙ ኅትመቶች ከ«ኢሕያ» ገጽ ግርጌ ስለሚገኝ አንባቢው የገዛሊን ቃልና የሐዲሱን ደረጃ በአንድ ዓይን ያያል። ለአማርኛ ትርጉሞቻችን የምንሻው ይህንኑ ነው፦ ማብራሪያው በዚያው ገጽ ይሁን። በመግቢያ ላይ የሰፈረ አጠቃላይ ማሳሰቢያ ሃምሳ ገጽ ርቆ ለተቀመጠ ደረሳ አይደርስም። «ባሪያ» የሚለው ቃላችንም ራሱ ሐሺያ ይፈልጋል፤ «የአላህ ባሪያ» ሲባል ክብር ሆኖ ሳለ በገበያ ስድብ ነውና።

ለሕፃናት የሚዘጋጅ ሲራ ግን ሁሉን መሸከም አይገባውም፤ የሰባት ዓመት ልጅ የራዊዎችን ደረጃ ሊመዝን አይችልም። እዚያ መምረጥ ተገቢ ነው፤ ሽፋኑ ላይ «የተመረጠ» ተብሎ ይጻፍ፤ ምን እንደ ተተወም አስተማሪው በሚያነበው መግቢያ ይነገር።