«የማን ልጅ?»፦ አርባ ልጆችና የትውልድ ቆጠራ ቃል

በጥሊሊ ሳድግ አያቴ ከፊደል አስቀድመው ያስጠኑኝ ስም ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልሁ እስከ ሰባት መድረስ ነበረብኝ፤ ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ጋብቻን ያነሡልኝ ነበር፤ ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሳያውቅ እኅቱን ያገባል። አገሩ ራሱ በቁጥር የሚጠራ ነው። ሰባት ቤት አገው ስንል አንከሻን፣ ባንጃን፣ ዚገምንና ሌሎቹን ከሰባት ወንድማማቾች የወረዱ አድርገን እንተርካለን። የሥነ ቃል መምህር ከሆንሁ በኋላ ግን ያ ቆጠራ ከጋብቻ ሕግነቱ ይልቅ የቃል ድርሰትነቱ ጎልቶ ይታየኝ ጀመር። ምት አለው፤ ማረፊያ አለው፤ በዝምታ የሚታለፍ ነገርም አለው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ ከሚታለፈው ነገር ነው።

ለንጽጽር የመረጥሁት የኢትዮጵያ አርመኖችን ነው። ወደነሱ የደረስሁት በሙዚቃ በኩል ነበር። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሰው የእኛው የጎጃሙ፣ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ ዜማውን የደረሰው ደግሞ ከአይንታብ የተሰደደው አርመናዊ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ባለቅኔውን «የማን ልጅ ነህ?» ቢሉት የሚመልሰው አያጣም። ሙዚቀኛውና አብረውት የመጡት ልጆች ግን ምን ብለው ይመልሱ ነበር?

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን መንግሥት ግዛት በአርመኖች ላይ ከወረደው ጭፍጨፋ የተረፉ ብዙ ሙት ልጆች በኢየሩሳሌም በአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተጠልለው ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በዚያ አዩዋቸው፤ አርባውንም ወደ አገራቸው እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹ ከመሪያቸው ከናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ አልቆ አዲሱ ገና ሳይገባ፣ ከወራት ሁሉ በምታጥረው ወር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ የአገሬውም ሰው «አርባ ልጆች» አላቸው።

ይህ ስም በራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። በአማርኛ «ልጅ» ብቻውን አይቆምም፤ ሰሚው ወዲያው «የማን?» ይላል። «አርባ ልጆች» ሲባል ግን በአባት ቦታ ቁጥር ገብቶበታል። ቁጥሩም ባዶ አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ሟችም በአርባኛው ቀኑ ተዝካር ይወጣለታል። አንዱ ቃል የመወለድንም የመሞትንም ሒሳብ ይዟል። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ቋንቋው ግን ያለ ሰው ትእዛዝ የሚያስበው ነገር አለ። የሆነው ሆኖ ስለነሱ በአማርኛ ካነበብኋቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ትረካውን ከኢየሩሳሌም ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ያለው፣ አባትና መንደር ያለበት ዘመን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። አርባው ሰዎች እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ይገባሉ፤ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይም ይወጣሉ።

ዘራቸውን የምንከተልበት ሌላ መንገድ የቤተ ሰብ ስማቸው ነው። እኛ በየትውልዱ ስም እንለውጣለን፤ የአያቴ አባት ስም ከእኔ ስም ጋር አይጻፍም፤ ለዚህም ነው በቃል ማጥናት ያስፈለገን። አርመኑ ግን «ያን» በሚለው መድረሻ፣ «የእገሌ ወገን» ለማለት፣ አንዱን ስም ከልጅ ልጅ ይዞት ይሄዳል። ያም ስም ብዙ ጊዜ የሙያ ስም ነው። የምኒልክን ቤተ መንግሥት በፎቶግራፍ ያነሣው የቤድሮስ ቦያጂያን ስም የጨርቅ ቀለም ነካሪ ዘር ማለት ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን መኪና ያስመጣው የሰርኪስ ቴርዚያን ስም የልብስ ሰፊ ዘር፤ ናልባንዲያን ደግሞ በፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ሰው ዘር ነው። (ለፈረስ ማኅበር ካቋቋመ ሕዝብ ለተወለደ ሰው ይህ የመጨረሻው ስም ሲያስደስት ይኖራል።) ቃላቱ አርመንኛ አይደሉም፤ በቱርክ ገበያ የሚነገሩ ነበሩ። ያሳደዳቸውን አገር ቋንቋ በስማቸው ይዘው ተሰደዱ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከቆጠራው ይወጣ ነበር። ቀጥቃጭና ሸማኔ መባል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር፣ ምኒልክም ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከል ባስፈለጋቸው አገር፣ የሙያ አባት ከሐረግ ይፋቃል። የእኛ ቆጠራ ስሞችን ይጠብቃል እንጂ ሰዎቹ በምን ይኖሩ እንደነበር አይነግረንም።

ቦሪስ አጄሚያን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ሰፊ ጥናት የኢትዮጵያ አርመኖችን ትዝታ ሰብስቦ መርምሯል፤ የንጉሦች ወዳጅነት በዚያ ትዝታ ውስጥ ትልቅ ቦታ እንዳለውም ያሳያል። በእኔ አነባበብ ይህ የትረካ ብልሃት ነው። አባት በጠፋበት ቦታ ንጉሥ ይቆማል። አልጋ ወራሹ አርባውን «እንደ ልጅ ተቀበሏቸው» ሲባል አንድ የሐረግ ክፍተት በአንድ ግሥ ይዘጋል።

ሥነ ጽሑፋችን አባቱን ለተወ ሰው ሌላም ቆጠራ አለው። መነኵሴ የሥጋ አባቱን ትቶ በቆብ አባቱ ይቆጠራል፤ እንጦንስ መቃርስን ወለደ እየተባለ እስከ ኢትዮጵያ ገዳማት ይወርዳል። የቅኔ መምህራንም ልደታቸውን በመምህር ይቆጥራሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው በአርመን ምድር እ.ኤ.አ. በ1352 ሲያርፉ ስማቸው ያልጠፋው በደቀ መዛሙርታቸው ነው፤ እነ አባ አብሳዲ የልጅነቱን ስፍራ ይዘዋል። በዚህ ሥርዓት ካነበብናቸው አርባው ልጆች መካን አይደሉም። ናልባንዲያን ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን «ወልዷል»፤ የወንድሙ ልጅ ነርሰስም በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሌሎችን ወልዷል። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ንባብ ሲሰሙ ይወዱታል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ወድጄው ነበር።

አሁን ግን እጠረጥረዋለሁ። መነኵሴው አባቱን የተወው ፈልጎ ነው፤ አርባዎቹ ግን ተነጥቀው ነው። በመምህር የሚቆጠረው ልደት ውብ ከመሆኑ የተነሣ ነጠቃውን ያስረሳል። የመጣው ልጅ ተቆጠረ፤ አይንታብ የቀረው አባት ግን ሳይቆጠር ቀረ።

ይህን የጠረጠርሁት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አያቴ ሲያስጠኑኝ ከሦስተኛው ስም ወደ አራተኛው ሲሻገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ሦስተኛው የገዛ አባታቸው ስም ነው። አያቴ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴን አጥብቄ ስጠይቀው፣ ያ ሰው በ1880ዎቹ ዓ.ም. በክፉ ቀን ጊዜ መንገድ ዳር የተገኘ ሕፃን እንደነበር ነገረኝ። «ከቆላ የመጡ ሰዎች ነበሩ ይሉ ነበር፤ ስሙን ሲጠይቁት አላወቀውም» አለኝ። ስም አወጡለት፤ በቤታቸው አሳደጉት፤ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ስሞች ሁሉ ያሳደገው ቤት ስሞች ናቸው። እኔ በሰባት ቤት ቆጥሬ ያገባሁት በእነዚህ ስሞች ነው። ያሳደጉትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ስማቸውን ሰጥተው ሰው አድርገውታል። አያቴም የዋሹ አይመስለኝም፤ የቆጠራው ቃል «ያሳደገው» ለሚባል አባት ቦታ የለውምና የነበራቸው ምርጫ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር።

አሁን ለልጆቼ ስቆጥር ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤ «ያሳደገው» የሚለውን ቃል አስገብቼ ወደ አራተኛው አልፋለሁ። ምቱ ይሰበራል። አያቴ ቢሰሙኝ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር።