ሽሽት እንደ ድፍረት፦ ስለ ሰብለ ወንጌል

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ሰብለ ወንጌል ብዙ ጊዜ የምትታየው እንደ ታጋሽ ገጸ ባሕርይ ነው። በእኔ እምነት ግን የልቦለዱ ደፋር ድርጊት የእርሷ ሽሽት ነው። የኢቶ ሹንያ የጃፓን ፊልም «እስረኛ ቁጥር 701፦ ጊንጥ» (1972 እ.ኤ.አ.) ለንጽጽር ይረዳናል። የዚያ ፊልም ባለታሪክ ከወህኒ የምታመልጠው የከዷትን ለመበቀል ነው፤ ስለዚህ ካመለጠችም በኋላ ሐሳቧ ከጠላቶቿ ጋር ነው። ሰብለ ግን ሴትነቷን ሰውራ ከዲማ ስትወጣ በዛብህን ፍለጋ እንጂ ፊታውራሪ መሸሻን ለመጉዳት አይደለም። ጉዱ ካሣ በቃል የነቀፈውን የዘር ኩራት እርሷ በእግሯ ተሻገረችው። በዛብህ ከሞተ በኋላ መመንኮሷም ሽንፈት ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ ያለ ፈቃዷ የሚድራት የለም።