የሳንሱር ንባብና የሐያሲ ንባብ፤ «ኦሮማይ»ን እንዴት እናንብብ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ቃሊቲንና አቃቂን አልፎ ወደ ደብረ ዘይት የሚዘልቀው መንገድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ያልተዘጋ ምዕራፍ አለው። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በዚሁ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ የእሱ መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። የመጨረሻ ልቦለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቅሞ ነበር። ደራሲውም በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ከነበረበት ከፍተኛ የኃላፊነት ቦታ ተነሥቷል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲዘዋወር ኖሮ ደርግ ከወደቀ በኋላ በአደባባይ ታትሞ ተነበበ።

ከዚያ ወዲህ ስለ «ኦሮማይ» የተጻፈውና የተነገረው ነገር ብዛቱ የሚያስደንቅ ነው። አብዛኛው ግን በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ገጸ ባሕርይ በእውን ማን ነበር? ደራሲውን ማን ገደለው? ሁለተኛው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ ሊዘጋ አይገባውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከመጀመሪያው ጋር ነው። ገጸ ባሕርያትን ከእውነተኛ ሰዎች ጋር እያዛመዱ ማንበብን «የቁልፍ ንባብ» እለዋለሁ። ይህ ንባብ ለደራሲው ካለን ፍቅር የመነጨ ይመስላል፤ ስልቱ ግን መጽሐፉን ከገበያ ያስለቀመው የሳንሱር ስልት ነው።

ቅኔ፦ ወርቁ የት ነው ያለው?

የቁልፍ ንባብ ደጋፊዎች ልማዱን ከቅኔ ባህላችን ጋር ያያይዙታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ከተጻፈው በስተጀርባ ሌላ ነገር ቢፈልግ ምን ያስገርማል ይላሉ። ይህ አባባል የቅኔን አሠራር ያዛባል። በዋድላ፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ባህል ተማሪው ቅኔ ሲቆጥርና ሲፈታ ወርቁን የሚያገኘው ከቃላቱ ነው። በኅብር ቅኔ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ይመጣል፤ በሰምና ወርቅ ሰሙና ወርቁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በሰዋስው ተሳስረው ይቆማሉ። መምህሩ ተማሪውን «ከየት አመጣኸው?» ሲለው ተማሪው ጣቱን የሚያሳርፈው በቅኔው ላይ ነው። ከቅኔው ውጭ በሰማው ወሬ ወርቅ አወጣሁ የሚል ተማሪ ይታረማል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት፣ በትክክል ከተወሰደ፣ ጥብቅ የጽሑፍ ንባብ ነው። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐያስያን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ዝነኛ መጣጥፍ፣ የደራሲው ሐሳብ የግጥም መመዘኛ ሊሆን አይችልም፤ ግጥሙ መመዘን ያለበት ቃላቱ በሚሠሩት ሥራ ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህን ክርክር የቅኔ መምህራን ቢሰሙት የሚያውቁት ነገር ሆኖ ባገኙት ነበር። የአማርኛ ሥነ ግጥም ሂስም ብርሃኑ ገበየሁ በ«የአማርኛ ሥነ ግጥም» እንዳደረገው የግጥምን አሠራር ከውስጥ ሲመረምር ፍሬያማ መሆኑን አሳይቷል። ልቦለድን ስንይዝ ይህን ጥንቃቄ ለምን እንጥለዋለን?

ተውኔት፦ ገዢው እንደ ተመልካች

በተውኔት በኩል ያለን ማስረጃ ከሁሉ የጎላ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ» ነው። ደራሲው በሩሲያ የተማሩ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የሆኑ ሰው ናቸው። ተውኔታቸው በላፎንቴን ተረቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ግን ከአውሬዎቹ ጀርባ ራሱን አየና ተውኔቱን አገደው። የአማርኛ ዘመናዊ ድራማ ታሪክ በዚህ መንገድ ከእገዳ ጋር ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት የደራሲው ድፍረት ነው። ትምህርቱ ግን ስለ ንባብም ነው። ቤተ መንግሥቱ «ይህ አውሬ ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ። ተረቱ በየትም ዘመን፣ በየትኛውም ቤተ መንግሥት ስለሚገኝ ሹመኛ የሚናገረው ነገር በዚያች ቅጽበት ወደ አንድ ከተማና ወደ ጥቂት ሰዎች ጠበበ። መድረክ ላይ የተዋናዩ አካል በግልጽ ስለሚታይ ተመልካች የሚያውቀውን ሰው ፊት ለማየት ይቸኩላል። ደበበ ሰይፉ በ«የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» እንዳመለከተው ተውኔትን ከጸሐፊው የግንባታ ሥራ ተነሥቶ መመርመር ይህን ጥድፊያ ያረጋጋል። ድርጊቱ፣ ግጭቱና ምልልሱ እንዴት እንደተዋቀሩ ያላየ ተመልካች የሚያየው የራሱን ጥርጣሬ ብቻ ነው።

ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው «ደራሲ ምንድን ነው?» በተሰኘ ንግግሩ፣ ጽሑፎች የደራሲ ስም በጥብቅ የተለጠፈባቸው ጸሐፊዎች ሊቀጡ የሚችሉ በሆኑበት መጠን ነው ብሏል። በኢትዮጵያ ይህ ንድፈ ሐሳብ የኑሮ ታሪክ ነው። ሳንሱር ሠሪው መጽሐፉን የሚያነበው ተጠያቂ ፍለጋ ነው። ማን ጻፈው? ስለ ማን ጻፈው? ከዚህ ያለፈ ጥያቄ የለውም። ስለ ምት፣ ስለ ትረካ አንጻር፣ ስለ መቼት ቢነግሩት ጉዳዩ አይደለም። ሐያሲ እነዚያኑ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይዞ ወደ መጽሐፍ ሲገባ፣ ሐዘኑ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ በሳንሱር ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ልቦለድ፦ ጸጋዬ የሚናገርበት ቋንቋ

እንግዲህ «ኦሮማይ»ን ያለ ቁልፍ እንክፈተው። ዐቢይ ገጸ ባሕርዩ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ ወደ አስመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች። አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይገናኛል፤ ከእሷ በስተኋላም የአማፅያኑ ሰላይ የሥዕላይ በራኺ የስለላ መረብ አለ። ከፊት ደግሞ የአማፅያኑ ምሽግ የሆኑት የናቅፋ ተራሮች ይጠብቃሉ። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ከሸፈ።

ታሪኩን በአመዛኙ የሚነግረን ጸጋዬ ራሱ ነው። የመጽሐፉ ዋነኛ ጥበባዊ ውሳኔ ይህ ይመስለኛል። ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ልቦለድ ትረካ በጻፈው መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ልናምነው ስለማንችል ተራኪ አስተምሮናል። ጸጋዬ ውሸታም አይደለም፤ ሙያው ግን ማሳመን ነው። በቀን ለሕዝብ የሚያዘጋጀው ቋንቋ «እኛ» የሚል የዘመቻ ቋንቋ ነው። ስለ ፊያሜታ ሲናገር የሚጠቀመው ቋንቋ ደግሞ «እኔ» የሚልና የሚጠራጠር ነው። ሁለቱ በአንድ አንደበት ይኖራሉ። አንባቢ አንድን አንቀጽ ሲያነብ የትኛው ጸጋዬ እየተናገረ እንደሆነ በየጊዜው መመርመር አለበት። የልቦለዱ የፖለቲካ ጥርስ ያለው በዚህ መመርመር ውስጥ ነው፤ ድልን የማብሰር ሥራ የተሰጠው ሰው ሽንፈትን የመተረክ ዕዳ ይወድቅበታልና።

ሩሲያዊው ሚኻኢል ባኽቲን ልቦለድ የሚለየው የኅብረተሰቡን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች በአንድ መድረክ ላይ አገናኝቶ ስለሚያከራክር ነው ይላል። በ«ኦሮማይ» ውስጥ የስብሰባ ንግግር፣ የወታደር ጨዋታ፣ የፍቅር ሹክሹክታ፣ የሰላይ ትእዛዝና የአስመራ ከተማ ትግርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንዱ ሌላውን ያጋልጣል። የመድረኩ ንግግር ከጦሩ ሜዳ ድምፅ ጋር ሲገጥም ባዶነቱ ይታወቃል። ይህን የሚሠራው የድምፆቹ አሰላለፍ ነው፤ የተናጋሪውን ባለ ሥልጣን እውነተኛ ስም ማወቅ ለዚህ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

የቁልፍ ንባብ ትልቁ ጉዳት የሚታየው ፊያሜታ ላይ ነው። የባለ ሥልጣናት ዝርዝር ይዞ ለሚያነብ ሰው ፊያሜታ የስለላውን ታሪክ የምታጣፍጥ የፍቅር ጌጥ ሆና ትቀራለች። በመጽሐፉ አወቃቀር ግን ማእከሉን የያዘችው እሷ ናት። ጸጋዬ የሚያምንበት ሁሉ በእሷ ፊት ይፈተናል፤ «ጠላት» ተብሎ በጅምላ የሚጠራው ወገን በእሷ በኩል ፊትና ስም ያገኛል። በጦርነት ጊዜ ለሌላው ወገን ፊት መስጠት ከማንኛውም የሹመኛ ሐሜት የከበደ ድርጊት ነበር።

ለዚህ ክርክር በቅርቡ አንድ ጠቃሚ ፈተና መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 «ኦሮማይ» በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ቀርቧል። በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ያለ አንባቢ የደርግን ሹማምንት በመልክ አያውቅም፤ ቁልፉ በእጁ የለም። መጽሐፉ ይህን አንባቢ ከያዘው የሚይዘው በትረካው፣ በገጸ ባሕርያቱና በድምፆቹ ብቻ ነው።

ደራሲው ሞቷል ማለት በእኛ ዘንድ

ይህን ስል ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 «የደራሲው ሞት» በሚል ርእስ ያወጀውን አዋጅ እንዳለ ተቀበሉ ማለቴ አይደለም። ባርት የደራሲውን ሞት የአንባቢው ልደት ዋጋ አድርጎ ሲያቀርበው ስለ ንባብ ሥልጣን መናገሩ ነበር። ደራሲ በእርግጥ በሚሰወርበት አገር ግን ይህን አባባል ያለ ጥንቃቄ መድገም ጭካኔ ይሆናል። የበዓሉን ታሪክ ከሂስ አስወጥተን ብንጥለው ለሰወሩት ሰዎች ሥራቸውን እንፈጽምላቸዋለን።

ስለዚህ ታሪኩ ተገቢ ቦታውን ይፈልጋል። ሀንስ ሮበርት ያውስና ጓደኞቹ በጀርመን ያዳበሩት የአቀባበል ጥናት እዚህ ይረዳናል። መጽሐፍ ከታተመ በኋላ የራሱ ሕይወት አለው፤ በየዘመኑ አንባቢ የራሱን ተስፋና ሥጋት ይዞ ይቀርበዋል። ከገበያ መለቀሙ፣ በድብቅ መነበቡ፣ የደራሲው መሰወርና ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለው ክብር የ«ኦሮማይ» የአቀባበል ታሪክ ናቸው። ይህ ታሪክ በጥንቃቄ መጠናት ይገባዋል፤ እንዳለጌታ ከበደ በደራሲው ሕይወትና ሥራዎች ላይ ያዘጋጀው መጽሐፍም የዚህ ዓይነት ድካም ዋጋ ያሳያል። ስሕተቱ የሚመጣው በ1976 የሆነውን ይዘን በ1975 በታተመው ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ትንቢት ስናደርገው ነው።

የስፔኑ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ዕጣ ተመሳሳይ ነው። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት የነበረው ሎርካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1936 ተገደለ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ለረጅም ጊዜ ግጥሞቹ የራሱን ሞት አስቀድመው የተናገሩ ተደርገው ተነበቡ። የሎርካን ታላቅነት ያጎላው ግን ምቱን፣ ምስሎቹንና ከአንዳሉሲያ ሕዝብ ዘፈን ጋር ያለውን ዝምድና በትዕግሥት ያጠና ሂስ ነው። መቃብሩን የሚፈልጉት ፍለጋቸውን አላቆሙም፤ ግጥሙን የሚያጠኑትም ጥናታቸውን። ሁለቱ ሥራዎች ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲተካ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

በመነሻችን የጠቀስናት ቃሊቲ ጽሑፍን እንደ ክስ ማስረጃ የማንበብን ጉዳይ ዛሬም አልተሻገረችውም። በዚያው አካባቢ ያለው ማረሚያ ቤት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ጋዜጠኞችና ጸሐፍት የታሰሩበት ሆኖ ይታወሳል። በ2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ እስር ቤት ነው፤ ግቢው ስምንት ዞኖች ስለነበሩት ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ሁሉ ዘጠነኛ አድርገው ሣሉት። ይህ ራሱ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ በመጨመር የውስጥና የውጭን ድንበር አፍርሷል። ጽሑፋቸው ግን ያለ ፋንታው የክስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከእስር ቤት የወጡ ማስታወሻዎችንና ደብዳቤዎችንም እስካሁን የምናነባቸው በአብዛኛው እንደ ምስክር ቃል ነው። ምስክርነታቸው ይከበር፤ የአጻጻፍ ብልሃታቸውም ይጠና።

ይህን ሁሉ በተግባር ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሥራ ግልጽ ነው። «ኦሮማይ» የቀይ ኮከብ ዘመቻን፣ የዘመኑን መፈክሮችና የአስመራን ንግግር የሚያብራራ ሂሳዊ እትም ይገባዋል፤ ማብራሪያው ቃላቱ በዘመናቸው የሠሩትን ሥራ ያሳየን እንጂ የሰዎች ስም ዝርዝር አይስጠን። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የበዓሉ ስድስት ልቦለዶች፣ ከ«ከአድማስ ባሻገር» እስከ «ኦሮማይ»፣ በትረካ ስልታቸው እድገት አንጻር ጎን ለጎን ይጠኑ። በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ቦታ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ይህ ማን ነው?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «ይህን የሚናገረው ማን ነው፣ ለማን ነው፣ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በዓሉን የሰወሩት ሰዎች መጽሐፉን እንደ ክስ ማስረጃ አነበቡት። እኛ እንደ ልቦለድ እናንብበው፤ ለደራሲ ሊከፈለው የሚገባው የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው።