ከሰሌዳው እስከ ጣባው

የእንሰት መፋቂያው ሰሌዳ ረጅምና ጠባብ ነው። አናቱ በቆመ እንሰት ወይም በተተከለ እንጨት ላይ ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ላይ አርፎ፣ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ሴቲቱ ከሥሩ በተነጠፈ ኮባ ላይ ትቀመጣለች። ከእንሰቱ ግንድ የተላቀቀውን አንድ ሽፋን ሰሌዳው ላይ ትዘረጋለች። ከዚያ አንድ እግሯን አንስታ የሽፋኑን ላይኛ ጫፍ በተረከዟ ትጫነዋለች። አሁን ሁለቱም እጆቿ ለሥራ ነጻ ናቸው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ሥጋ ኮባው ላይ ይወርዳል፤ ቃጫው ሰሌዳው ላይ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ልክ የተቀመጠ ነገር የለም። ቀርከሃው ከልክ በላይ ከተሳለ ቃጫውን ይቆርጠዋል፤ ቃጫው ሲቆረጥ ከቆጮው ጋር ይደባለቃል፣ ለገመድም አይሆንም። ከደነዘ ደግሞ ሥጋው ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰሌዳው በጣም ከተጋደመ የተፋቀው አይወርድም። በጣም ከቀና ተረከዝ ሽፋኑን አጥብቆ አይይዝም። ተረከዙ የማሰሪያ ሥራ ይሠራል፤ ያውም ሽፋኑ ባለቀ ቁጥር ወዲያው የሚፈታና ወዲያው የሚጠብቅ ማሰሪያ ነው። የፋብሪካ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ነገር በብረት ለመሥራት ምን ያህል እንደሚደክም ያየ ሰው ይህን አይቶ አያልፍም።

ይህ ሰሌዳ የሚቆምበት ጓሮ ለኦፕሬሽን ማኔጅመንት የቡድን ሥራ ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ግቢው ከወልቂጤ ከተማ ወጣ ብሎ ጉብርየ ላይ ነው፤ ዙሪያውን የእንሰት አገር ነው። የማኔጅመንት ተማሪ ይህን ኮርስ ሲወስድ የምርት ዲዛይን፣ ካፓሲቲ፣ ሌይአውት፣ ጥራት፣ ኢንቬንቶሪ የሚሉ ምዕራፎችን ያልፋል። ከዚያ የተለመደው ትእዛዝ ይመጣል፤ አምስት አምስት ሆናችሁ አንድ ምርት ወይም አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት መርጣችሁ አጥኑ። የቡድን ሥራ በብዙ ግቢ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ስማቸውን ሽፋኑ ላይ ያሰፍራሉ። እንሰት ጓሮ ውስጥ ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። አምስት ሰው የሚያስፈልገው ለማርክ ሳይሆን ለማየት ነው።

ምክንያቱም በአንድ የሥራ ቦታ ሁለት ነገሮች በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሠራተኛዋና የሚሠራው ነገር። ሽፋኑ ከግንዱ ወደ ሰሌዳው ሲሄድ ሴቲቱ ቀርከሃዋን ልትስል ትችላለች። የተፋቀው ክምር ሆኖ ሲጠብቅ እሷ ሌላ ሽፋን ላይ ናት። ሴቲቱን የሚከተል ዓይን ክምሩን አያይም፤ ክምሩን የሚከተል ሴቲቱን ይስታል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ሰውን ይከተላል፣ አንዱ ዕቃውን ይከተላል፣ ሦስተኛዋ ስቶፕዋች ትይዛለች፣ አራተኛው ይመዘግባል፣ አምስተኛው የሚጠብቀውን ክምር በየጊዜው ይቆጥራል። ማታ አምስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይገጥሙ ቦታዎች ይገኛሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የጉራጌ ባህል ደግሞ የቡድኑን ድልድል ራሱ ያስተካክለዋል። ፍቂያው የሴቶች ቦታ ነው፤ በልማዱ ወንድ አይጠጋም። ተከላው የወንዶች ነው። እንግዲህ ሴቶቹ ተማሪዎች ሰሌዳው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ወንዶቹ ከአባወራው ጋር ወደ ተከላው ይዘልቃሉ። ግማሹ ቡድን የማያየውን ግማሹ ሊነግረው የግድ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ የቡድን ሥራ መምህር ቢያስብም አይነድፍም።

ቡድኑ የሚመዘግብበትን ወረቀት ደግሞ እንየው። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረዝ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1921 እ.ኤ.አ. የሥራ ሂደት ቻርትን ለሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ማኅበሩ በ1947 እ.ኤ.አ. በአምስት ምልክቶች አጸናው። ክብ ሥራ ነው። ቀስት ማጓጓዝ ነው። ካሬ ምርመራ ነው። ግማሽ ክብ የመሰለችው መዘግየት ናት። በአናቱ የቆመ ሦስት ማዕዘን ክምችት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ከጎኑ ምልክቱ፣ ርቀቱ በሜትር፣ ጊዜው በደቂቃ። ቡድኑ ምልክቶቹን በመስመር ሲያገናኛቸው መስመሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተወላገደ ይወርዳል። የተስተካከለ ሥራ መስመሩ ክቡ ላይ ይረጋል።

የእንሰቱ ቻርት እንዲህ ይወርዳል። እንሰቱን መቁረጥ፤ ክብ። ሽፋኖቹን ማላቀቅ፤ ክብ። ወደ ሰሌዳው መውሰድ፤ ቀስት። መፋቅ፤ ክብ። አሚቾውን፣ ማለትም ከመሬት የሚወጣውን ሥር፣ ጥርስ ባለው እንጨት መከትከት፤ ክብ። መጭመቅ፤ ክብ። ከጭማቂው ነጩ ዱቄት እስኪዘቅጥ መጠበቅ፤ መዘግየት። ውኃውን አፍስሶ ቡላውን ማንሳት፤ ክብ። የቀረውን በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቆ መክደን። እዚህ ላይ እስክሪብቶው ይቆማል።

ጉድጓዱ የትኛው ምልክት ነው? አንዱ ተማሪ ክምችት ይላል፤ ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀመጣልና። ሌላዋ መዘግየት ነው ትላለች፤ ማንም አይነካውምና። ሦስተኛው ክብ ነው ይላል፤ እየቦካ ነው፣ ሲገባ የነበረውና ሲወጣ ያለው አንድ አይደለም። ሦስቱም ልክ ናቸው። ክርክሩ ሲረዝም ሌላ ነገር ይወጣል። ሴቶቹ ጉድጓዱን በየጊዜው ይከፍታሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ኮባውን ይለውጣሉ፣ በእጃቸው ዳስሰውና አሽትተው መልሰው ይከድኑታል። ይህ ካሬ ነው። በአንድ ጉድጓድ አራት ምልክት ተደራርቧል። የመማሪያ መጽሐፍ እነዚህን ለየብቻ ስለሚያስተምር ተማሪው መደራረባቸውን የሚያየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቆም ነው።

ጉድጓዱ ሌላም ሥራ አለው። ፍቂያውን ከመብላቱ ያላቅቃል። ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ሲፍቅ በጥቂት ቀን የሚወጣው ምርት ለብዙ ጊዜ የሚበላ ነው። ጉድጓዱ ባይኖር በየቀኑ መፋቅ ያስፈልግ ነበር፤ በየቀኑ ደግሞ ጎረቤት አይሰበሰብም።

በደቦው ውስጥ ያለው ድልድል ለብቻው ያስደስተኛል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ላስቀምጠው። አንድ ሽፋን ለመፋቅ 6 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከግንዱ አላቅቆ ለማቅረብ 2 ደቂቃ ቢበቃ፣ አንዲት አቅራቢ ሦስት ፋቂዎችን በልክ ትመግባለች። አራተኛ ሰሌዳ ከተተከለ ሁልጊዜ አንዷ ሽፋን ትጠብቃለች። ሁለተኛ አቅራቢ ከተጨመረች ደግሞ አቅራቢዎቹ ከጊዜያቸው ሢሶውን ይፈታሉ። እውነተኛዎቹ ሴቶች ይህን በሒሳብ አይፈቱትም። ሽፋን የሚጠብቅ ሰሌዳ ሲያዩ አንዷ ተነስታ ታላቅቃለች፣ ሲከማች ተመልሳ ትቀመጣለች። ፋብሪካ ይህን ለማግኘት አንድን ሠራተኛ ብዙ ሥራ ያሠለጥናል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ በየፋብሪካው የካይዘን ቡድኖችን ሲያስፋፋ ይዞት የመጣው አንዱ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ችግሩን ሥራው ላይ ያለው ቡድን አይቶ ራሱ ያስተካክለው።

ወደ ተከላው የሄዱት ተማሪዎች ይዘውት የሚመለሱት ወረቀት ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። እንሰት በየዕድሜው ተደርድሮ የቆመ ነው። ችግኙ ተቀራርቦ ይተከላል፤ እያደገ ሲሄድ እየተነቀለ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል። ለመቆረጥ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። አሁን አንድ ቤተሰብ በዓመት 12 እንሰት ይቆርጣል እንበል፤ አንዱ እንሰት ተከላው ውስጥ 6 ዓመት ይቆያል። ስንት እንሰት መቆም አለበት? 12 ጊዜ 6፤ 72። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫውን ያሳተመውና በስሙ የሚጠራው ሕግ ይህ ነው። በውስጥ ያለው ብዛት ከመግቢያው ፍጥነትና ከቆይታው ብዜት ጋር እኩል ነው። አባወራው ሕጉን በስሙ አያውቀውም። ግን በክፉ ዓመት ካሰበው በላይ ሲቆርጥ የትኛው ረድፍ ከስንት ዓመት በኋላ ባዶ እንደሚሆን በጣቱ ያሳያል።

ምርቱ በዚህ ይበቃል። አገልግሎቱን ለማጥናት ቡድኑ ከተማ ይገባል፤ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ክትፎ ቤት አይታጣም። ክትፎ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ ደንበኛ የሚያየውና የማያየው። ሊን ሾስታክ የተባለች ጸሐፊ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ በአገልግሎት ንድፍ ላይ በሁለቱ መካከል መስመር አሰመረች። የክትፎ ቤት ጥበብ ምን ከመስመሩ በስተጀርባ አስቀድሞ እንደሚያልቅ፣ ምን ደግሞ እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ መለየት ነው። ሥጋው ከጅማትና ከሞራ ይጠራል። ቅቤው ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር አስቀድሞ ይነጠራል። ሚጥሚጣው የተፈጨ ነው። አይቡና ጎመኑ ተዘጋጅተዋል። ቅቤና ሥጋ የሚገናኙት ግን ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሥጋና ከአንድ ቅቤ ጥሬው፣ ለብለቡ፣ የበሰለው ይወጣል፤ ሚጥሚጣ የበዛበትም ያነሰበትም እንዲሁ። የተቀላቀለ ክትፎ መደርደሪያ ላይ አይጠብቅም። ሸክላው ጣባ ሙቀቱን ይይዛል፤ ይህ ከአሳላፊዋ ላይ የጥቂት ደቂቃ ችኮላ ያነሳላታል።

ተማሪው እዚህም ያንኑ ሒሳብ ያገኘዋል። በሰዓት 30 ደንበኛ ቢገባና አንዱ 40 ደቂቃ ቢቀመጥ ቤቱ ውስጥ በአማካይ 20 ሰው አለ። ቆጮው ከጓዳ እየዘገየ ቆይታው 60 ደቂቃ ቢሆን 30 ሰው ይሆናል። አንድም አዲስ ደንበኛ ሳይመጣ አሥር ወንበር ጎደለ። የእንሰቱ 6 ዓመትና የክትፎው 40 ደቂቃ በአንድ ቀመር መግባታቸውን ተማሪ ራሱ ሲደርስበት ማየት እወዳለሁ።

ቅቤውም የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ላም ያላት ሴት የአንድ ቀን ወተቷ ለመናጥ አይበቃም። ስለዚህ ሴቶች እንደ ዕቁብ ወተቱን በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ የደረሳት በአንድ ጊዜ ብዙ ትንጣለች። ለመስቀል ቅቤ የሚጠራቀመው አንዱ መንገድ ይህ ነው። በኢንቬንቶሪ ምዕራፍ የምርት መጠን ውሳኔ የሚባለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለአንድ መናጥ የሚወጣው ድካም ስንት ወተት ሲኖር ነው የሚያዋጣው?

በመጨረሻ ቡድኑ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። አብዛኛው ቡድን የመፋቂያ ማሽን ይላል። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ላይ ሠርተዋል፣ ፍቂያው ደግሞ የሴቶችን ወገብና ጉልበት የሚጎዳ ከባድ ሥራ ነው። ግን ቻርቱን እስከ መጨረሻው የሠራ ቡድን አንድ ገጽ ይጨምራል። ፍቂያው በሦስት እጥፍ ቢፈጥን ክምሩ ወደ መጭመቂያው ይዛወራል። መጭመቂያውም ቢፈጥን ጉድጓዶቹ ይሞላሉ፤ መፍላቱ በማሽን አይቸኩልም። ጉድጓድ ቢጨመር ደግሞ ጥያቄው ወደ ተከላው ይመለሳል። ማሽኑ ባቀለለላቸው መጠን ቤተሰቡ በዓመት 24 እንሰት ቢቆርጥ 144 መቆም አለበት፤ ያለው መሬት ግን 72 የሚይዝ ነው። ወይ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይፈለግ፣ ወይ ማሽኑ ድካምን ይቀንሳል እንጂ ምርትን አይጨምርም ተብሎ፣ የዳነው የሴቶቹ ሰዓት በደቂቃ ተቆጥሮ በዚያ ብቻ ዋጋው ይሰላ። ሁለተኛውን የመረጠ ቡድን ስቶፕዋች የያዘችውን ተማሪ ወረቀት እንደገና ማውጣት ይኖርበታል።