የቤት ዜና እንደ ሥነ ጽሑፍ፦ የሃሪየት ኒውቢ ሦስት ደብዳቤዎች

በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ዘወትር የሚያተኩረው በቅርጽ ላይ ነው። የቀኑና የአድራሻው ቦታ፣ የሰላምታው ቃል፣ የመዝጊያው ሐረግ በሰሌዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ተማሪውም እነዚህን ካሟላ ደብዳቤ መጻፍ እንደ ቻለ ይቆጠርለታል። በቅርጹ ውስጥ የሚገባው የቤት ዜና ግን እንደ ተራ ወሬ ይታለፋል። የዚህን አመለካከት ጉድለት ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1859 በአሜሪካ አንዲት ሚስት ለባሏ የላከቻቸውን ሦስት አጫጭር ደብዳቤዎች መመርመር ይበቃል።

ሃሪየት ኒውቢ በቨርጂኒያ፣ በብሬንትስቪል፣ ከልጆቿ ጋር በባርነት ትኖር ነበር። ባሏ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ግን ወደ ኦሃዮ ተሻግሮ ነጻ ወጥቷል፤ ሚስቱንና ልጆቹን በገንዘብ ለማስለቀቅም ይደክም ነበር። ጥቁሮችን ለማስተማር የሚደረግን ስብሰባ የቨርጂኒያ ሕግ ከ1831 ጀምሮ ከልክሎ ስለ ነበር፣ የደብዳቤዎቹ መኖር ራሱ ትርጉም አለው።

ኤፕሪል 22 ቀን የተጻፈው ደብዳቤ ከአማርኛ ደብዳቤ ልማድ ብዙም አይርቅም። ስለ ጤና ይጠይቃል፤ ለዘመድ ሰላምታ ይልካል፤ ያለፈው ደብዳቤ አለመድረሱ ያሳስበዋል። ቀጥሎ እመቤቲቱ ሴት ልጅ እንደ ወለደች፣ ጸሐፊዋም ሌትና ቀን ስታስታምም እንደ ከረመች ይነገራል። ከናፍቆቷ ቃል በኋላ የራሷ ጨቅላ በዚያው ዕለት መዳህ መጀመሩ ይገለጻል፤ ደብዳቤውም ወዲያው ያበቃል። ሁለቱን ሕፃናት አነጻጽሮ የሚያማርር አንድም ቃል የለም። ንጽጽሩን የሚያደርገው አንባቢው ነው፤ ኀይሉም ከዚሁ የመነጨ ነው።

በኦገስት 16ቱ ደብዳቤ ድምፁ ይለወጣል። ጌታዋ ገንዘብ እንደ ቸገረው ይወራል፤ ሊሸጣትም ይችላል። ስለዚህ ባሏ ሌላ ሰው ሳይቀድመው እንዲገዛት ትማጸነዋለች። ከዚህ ልመና በኋላ ግን ወደ ቤት ዜና ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ገና አይራመድም፣ ነገር እየያዘ ግን ይረማመዳል። በኤፕሪል የዳኸ ልጅ በኦገስት ቆሟል። አባት ያላየው ጊዜ በልጁ እግር ተለክቶ ደረሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከጻፈች በኋላ የምትነግረው ዜና እንደሌላት ገልጻ ትሰናበታለች። የተለመደው የመዝጊያ ሐረግ ከያዘው ጉዳይ ጋር ሲተያይ ከማንኛውም እሮሮ ይበልጥ ልብን ይነካል።

ደብዳቤዎቹ እንከን የላቸውም ማለት አይደለም። ናፍቆቱ በተመሳሳይ ቃላት ይደጋገማል፤ የፊደል ግድፈቱም ብዙ ነው። በቀይ ቀለም ብቻ የሚያርም መምህር ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣቸው ይሆናል። ነገር ግን እርማቱ ሲያበቃ ጽሑፉ ምን እንዳከናወነ ያልጠየቀ መምህር ሆሄውን እንጂ ደብዳቤውን አላነበበም።

ዴንጀርፊልድ ኒውቢ በጆን ብራውን የተመራውን የሃርፐርስ ፌሪ ወረራ ተቀላቅሎ ኦክቶበር 17 ቀን 1859 ተገደለ፤ ከወራሪዎቹም መካከል በመጀመሪያ የወደቀ እርሱ ነበር። ደብዳቤዎቹም ከሞተ በኋላ ተገኙ። ሃሪየት የፈራችው አልቀረም፤ ወደ ሉዊዚያና ተሸጠች።

ከዚህ ለትምህርት የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ቅርጽን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ሃሪየትም ቅርጹን ጠብቃለች። ይሁን እንጂ የመርሐ ትምህርት አዘጋጆች በቅርጹ አጠገብ ለይዘቱም ቦታ ሊሰጡ ይገባል። ተማሪው «ደህና ነን» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ በቤቱ ያየውን አንድ ነገር በሩቅ ላለ ሰው አጥርቶ እንዲጽፍ ቢጠየቅ፣ የመጻፍ ችሎታው የሚመዘነው በዚያ ነው።